«ቅድመ ክስ» ወይስ «ከክስ በፊት»?

ጥያቄ፦ ፍሎሪዳ ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። በሕክምና ጥፋት ጉዳይ ጠበቆች «ፕሪሱት» የሚሉትን «ቅድመ ክስ» እላለሁ። ልክ ነኝ? የመክሰሻው ጊዜ ገደብ መቁጠር ሲያቆም «ይርጋው ይቋረጣል» ስል ደግሞ አንድ የአገሬ ልጅ አረመኝ። የበላይ ፍርድ ቤት ነገሩን ከመሃል አንስቶ እንዲያይ የሚጠየቅበትን «ሰርሺዮራሪ»ንስ ይግባኝ ልበለው ወይስ ሰበር?

መልስ፦ «ቅድመ» የቆየ ቁስሌን ነካው። ቃሉ የግእዝ መስተዋድድ ነው፤ «ቅድመ ዓለም» ሲባል ያምርበታል። «ክስ» ግን የአማርኛ ቃል ነው። ሁለቱን ማጋባት የሸማ ካባ ላይ የጂንስ ኪስ እንደ መስፋት ነው። ለኔ «ከክስ በፊት» ይበቃል። «አጭር ነው፣ ለስም ይመቻል» የሚሉኝ ግን አሉ። ባንኩ «ቅድመ ክፍያ» ይላል፤ ማንም አይስቅም። ይባስ ብሎ «ቅድመ አያት»ም አለ፤ አያት ደግሞ ከኛው ነው። በገዛ ቅድመ አያቴ ተረታሁ ማለት ነው። እሺ፣ «ቅድመ ክስ» ይበሉ። እኔ ግን አልለውም።

ይርጋው ላይ ያረመዎት ሰው ልክ ነው። እዚህ ጋ የጣዕም ነገር የለም፤ ገንዘብ ያስከፍላል። በፍሎሪዳ ሕግ ከሳሽ ሐኪሙን ፍርድ ቤት ከማቆሙ በፊት ጉዳዩን መርምሮ፣ በመሐላ የተረጋገጠ የባለሙያ አስተያየት ይዞ ማስታወቂያ ይልካል። ከዚያ 90 ቀን መክሰስ አይችልም። በነዚያ ቀናት ይርጋው ቆሞ ይጠብቃል። በኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ (1952 ዓ.ም.) ግን ይርጋ «ተቋረጠ» ከተባለ የቀድሞው ጊዜ ይሰረዝና ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። የይርጋው ዘመን 2 ዓመት ነው እንበል። ደንበኛዎ ማስታወቂያውን የላከው በ20ኛው ወር ነው። «ተቋረጠ» ካሉት ሌላ 2 ዓመት ያገኘ ይመስለዋል። የቀረው ግን 4 ወር ነው። ስለዚህ «ይታገዳል» ወይም «ቆሞ ይቆያል» ይበሉ።

ስለ ቃሉ ካነሳን አይቀር፣ «ይርጋ» ከ«ረጋ» የወጣ ትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ ነገሩ ይርጋ፣ ዝም ይበል። «ይግባኝ»ም እንደዚያው ነው፤ «ይግባ» ላይ ተሳቢው «ኝ» ተቀጥሎ። ግእዙ «ገብአ» መመለስም ነው። ነገሩ ተመልሶ ይታይልኝ የሚል ጩኸት እሰማበታለሁ። ሁለት የትእዛዝ ግሦች ቁጭ ብለው ስም ሆነዋል፤ ደስ ይለኛል።

አሁን ሰርሺዮራሪ። አንድ ወገን «ሰበር ይባል» ይላል። ምክንያቱ አይናቅም፤ የኛ ሰበር ሰሚ ችሎት «መሠረታዊ የሕግ ስህተት» ይፈልጋል፣ የፍሎሪዳውም ከሕግ መሠረታዊ ግዴታዎች መውጣትን ይጠይቃል። ግን «ሰበር» ከፈረንሳይኛው «መስበር» የተቀዳ ነው፤ ውሳኔ መስበር። (ሰበር ዜና ደግሞ ምን እንደሚሰብር አላውቅም።) ሰበር የሚመጣው የመጨረሻ ፍርድ ካለ በኋላ ነው። እንዲህ ባለ ጉዳይ ሰርሺዮራሪ ግን ክርክሩ መሃል ላይ ነው የሚገባው፤ ያውም ጉዳቱ በመጨረሻው ይግባኝ የማይጠገን ከሆነ ብቻ። ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚሁ ሰበብ በሩን ዘጋው። ከሳሹ ያቀረበው ባለሙያ ብቁ አይደለም የሚል ተከሳሽ ክሱ ይዘጋልኝ ብሎ እንቢ ቢባል፣ የማይጠገን ጉዳት ስለማያሳይ በሰርሺዮራሪ መምጣት አይችልም አለ። ወዲያው ግን የሥነ ሥርዓት ደንቡን አሻሽሎ ለዚሁ ዓይነት ትእዛዝ በጉዳዩ መሃል ይግባኝ ፈቀደ። አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን ከፈተ። ሁለቱንም «ይግባኝ» ካሉ ደንበኛዎ ምን እንደተዘጋ፣ ምን እንደተከፈተ አይገባውም።

እኔ ብሆን ቃሉን እንዳለ «ሰርሺዮራሪ» ብዬ እንዲህ እፈታለታለሁ፦ «ጋሼ፣ ይሄ ይግባኝ አይደለም። የበላዩ ፍርድ ቤት ነገሩን ከመሃል አንስቶ እንዲያየው የሚጠየቅበት ልዩ ማመልከቻ ነው። አልፎ አልፎ ነው የሚፈቀደው።»