ካፒታሊዝም እኛንም ይመለከታል?

ወንድሜ፣ «ቱሉ ዲምቱ ለምንኖር ድሆች ካፒታሊዝም ምናችን ነው?» ብለህ ጠይቀሃል። ኑሯችን ውስጥ ነው ያለው! የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። እኛ ግን ቡና ላይ የምናወራው «ካሬው ስንት ገባ?» እያልን ነው። ሕጉ ያልፈቀደውን ገበያ ጭንቅላታችን ውስጥ አቁመነዋል።

ቴሌቪዥኑንም እየው። የበዓል ፕሮግራሙ ሳይጀመር የስፖንሰር ዝርዝር፣ ከዚያ የሪል እስቴት ማስታወቂያ። ነጭ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ቤተሰብ ይስቃል። ጎረቤቴ ያንን የመሰለ ሶፋ በብድር ገዛ። ልጆቹ እንዳያቆሽሹት በላስቲክ ሸፍኖታል፤ እነሱ ምንጣፍ ላይ ነው የሚቀመጡት።

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ኮንዶሚኒየም ያልደረሰው ሰው «ሰነፍ ስለሆንኩ ነው» እያለ ራሱን ሲወቅስ ነው። ዕጣ እኮ ነው! ኪራዩም የሚጨምረው እሱ ስላልሠራ አይደለም።