ባሌ ከወንድሞቹ ጋር ነው፤ እኔ አራስ ቤት ነኝ

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ሕፃኑን እያጠባሁ በስልኬ ነው የምጽፈው፤ ስህተት ካለው ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው። ባሌ ወደዚህ የመጣው በዘጠኝ ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር ነው። አማርኛው ደህና ነው፤ ሲናደድ ብቻ ወደ እንግሊዝኛ ይሄዳል። ጥሩ ሰው ነው። አይጠጣም፣ አያመሽም። የኔ ችግር ኮሌጅ እያለ የገባበት ፍራተርኒቲ፣ የወንድ ተማሪዎች ማኅበር ነው። የጥቁር አሜሪካውያን ነው፤ ስሙን አልጠራም። ከተመረቀ 14 ዓመቱ ነው። እኔ ኮሌጅ ሲያልቅ አብሮ የሚያልቅ ነገር ነበር የመሰለኝ። ለካስ የተመራቂዎች ቻፕተር (ቅርንጫፍ) የሚባል አለ! በወር አንዴ ስብሰባ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት የሃይስኩል ልጆችን ማስጠናት። ሰመር ሲመጣ ሌላ ከተማ ትልቅ ጉባኤ። መዋጮው አለ፣ ሆቴሉ አለ፣ አውሮፕላኑ አለ። የአምናውን ብቻ ስደምረው ከ2,000 ዶላር በላይ መጣ። እኔ ለእናቴ መቶ ዶላር ለመላክ ሁለቴ ነው የማስበው።

አብረውት የገቡ ስድስት ልጆች አሉ። "ላይን ብራዘር" ይላቸዋል። የእናቱ ልጅ ሲደውል "ቆይ መልሼ እደውላለሁ" ይላል፤ ከእነሱ አንዱ ሲደውል ግን ሻወር ውስጥም ሆኖ ያነሳል። ሠርጋችን ላይ እስክስታው መሀል ገብተው እግራቸውን እኩል እየመቱ ሲጨፍሩ አክስቴ "እነዚህ ወታደሮች ናቸው እንዴ?" ብላኛለች። ሲገባ ምን ብለው እንዳስማሉት ስጠይቀው "አይነገርም" ይለኛል። ለሚስት የማይነገር ምን ነገር አለ?

ልጃችን ከተወለደ 19 ቀኑ ነው። በአሥረኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ "ልጆቹ ይጠብቁኛል" ብሎ ወጣ። እናቴ ቪዛ ስላላገኘች ብቻዬን ነበርኩ። ገንፎ የሚያገነፋልኝ ሰው እንኳ አልነበረም። ሲመለስ ሕፃኑም እኔም እያለቀስን አገኘን።

እውነቱን ለመናገር ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ኮሪደሩ ላይ እስከ ጣሪያ የተደረደረው ዳይፐር እነሱ ያመጡት ነው። አንደኛው ዓርብ ቀን ለባሌ የተጠበሰ ዶሮ ይዞ መጣ፤ ባሌ እንደሚጾም ነገረው። በሚቀጥለው ዓርብ ምስር ሠርቶ መጣ። ጨው የለውም፤ ግን ምስር ነው።

አሁን የመጣው ነገር ግን ከበደኝ። ባሌ ይሄንኑ ባለምስር የልጃችን ክርስትና አባት እናድርገው አለኝ። ሰውዬው ባፕቲስት ነው። "ከሱ የሚቀርበኝ ሰው የለም" ይላል። አርባ ቀኑ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። እምቢ ብል "ወንድሞቼን ጠላሽ" ሊለኝ ነው። እሺ ብል ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ምን ልበል?

አራሷ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እህቴ!

በመጀመሪያ ስለዚያች ቅዳሜ። የአሥር ቀን አራስን ብቻዋን ጥሎ መውጣት ልክ አይደለም። ልጆች ማስጠናት ደግ ሥራ ነው፤ ግን ስድስት ወንድም ያለው ሰው ለአንድ ጠዋት ተተኪ አያጣም። ይህን እንዲህ እንዳለ ንገሪው። ስትነግሪው ማኅበሩን አታንሺ፤ ያቺን ቀን ብቻ። ማኅበሩን ካነሳሽ ለማኅበሩ ጥብቅና ይቆማል፣ ቅዳሜዋ ትረሳለች።

ማኅበሩን በተመለከተ ግን ትንሽ ልሟገትሽ። ፍራተርኒቲ ሲባል ብዙዎቻችን ፊልም ላይ ያየነው የቢራ ድግስ ነው ትዝ የሚለን። የባልሽ ዓይነቱ አመጣጡ ሌላ ነው። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 4፣ 1906 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰባት ጥቁር ተማሪዎች አልፋ ፋይ አልፋ የሚባለውን መሠረቱ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ስድስት ጥቁር ተማሪዎች ከዕረፍት ሳይመለሱ ቀርተው ነበር። የነጮቹ ማኅበራት አያስገቧቸውም። አብሮ የሚያጠና፣ "ነገም ና" የሚል ሰው ያስፈልግ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያሉት የወንዶችና የሴቶች ማኅበራት ዋና ዋናዎቹ ዘጠኝ ናቸው። አምስቱ የተመሠረቱት ካንቺ ቤት ብዙም በማይርቀው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው።

አንቺ ኮሌጅ ሲያልቅ ያልቃል ብለሽ ነበር። በነዚህ ማኅበራት ኮሌጁ በሩ ነው፤ ቤቱ ያለው ከምርቃት በኋላ ነው። አባልነቱ የዕድሜ ልክ ነው። ተማሪ እያሉ ሳይገቡ ቀርተው፣ ዲግሪያቸውን ይዘው ሥራ ከጀመሩ በኋላ በተመራቂዎች ቻፕተር በኩል የሚገቡም አሉ። ስኮላርሺፕ የሚሰጠው፣ መራጭ የሚያስመዘግበው፣ ልጅ የሚያስጠናው በአብዛኛው ይሄ የትልልቆቹ ቡድን ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውሃው ዳር የቆመውን የማርቲን ሉተር ኪንግ ሐውልት አይተሽው ይሆናል። ሐሳቡን ያመጡት የአልፋ ፋይ አልፋ ሰዎች ናቸው፤ ኪንግም አባላቸው ነበር። በ1984 አነሱት፣ ኮንግረስ በ1996 ፈቀደ፣ ሐውልቱ የተመረቀው በ2011 ነው። ሃያ ሰባት ዓመት! ይህን የጨረሱት ፀጉራቸው የሸበተ ተመራቂዎች ናቸው። አባል ሲሞት ደግሞ የራሳቸው የሽኝት ሥርዓት አላቸው። መዋጮ፣ ወርኃዊ ስብሰባ፣ ለወለደ ምግብ፣ ለሞተ ሽኝት። እኛ ሰፈር ይሄ እድር ነው የሚባለው።

ባልሽን ደግሞ እስቲ በዘጠኝ ዓመቱ አስቢው። ቋንቋ የለው፣ አብሮ አደግ የለው። ለአሜሪካኖቹ ሐበሻ፣ ከአገር ቤት አዲስ ለሚመጣው አሜሪካዊ። ኮሌጅ ሲገባ ስድስት ልጆች "ወንድማችን" አሉት። አንቺ አብሮ አደጎችሽን አዲስ አበባ ትተሽ ነው የመጣሽው፤ ይናፍቁሻል። የሱ አብሮ አደጎች እነዚህ ናቸው። ሻወር ውስጥ ሆኖ ስልክ ማንሳቱ አይገርመኝም። (የእናቱን ልጅ ማስጠበቁን ግን አልደግፍም። እሱን ንገሪው።)

ሚስጥሩን ተይለት። የሥርዓታቸውን ቃል ብታውቂው ምንም አይጨምርልሽም። አንድ ነገር ግን ጠይቂው፦ ሲገባ ደብድበውት ነበር ወይ? በነዚህ ማኅበራት አዲስ ገቢን ማሠቃየት የቆየ ነውር ነው። ከዘጠኙ ስምንቱ የድሮውን የምልመላ ሥርዓት በ1990 በይፋ አስቀርተዋል፤ ተደብቆ የሚያደርግ ግን አልጠፋም። በ2024 መጨረሻ ኮሌጆች እንዲህ ያለውን ድርጊት ለሕዝብ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ የፌደራል ሕግ ወጥቷል። ልጅሽ አድጎ የአባቱን የማኅበር ጃኬት ማየቱ አይቀርም። ያኔ አባትዬው ምን እንደሚለው አሁን ብትሰሚ ይሻላል።

ገንዘቡ ላይ ግን ሚስጥር የለም። መሐላው የሱ ነው፣ የባንክ ሒሳቡ የሁለታችሁ። ሕፃኑ ሲተኛ ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ። እኔ ብሆን መዋጮው ይከፈል፣ የዘንድሮው ሰመር ጉባኤ ይቅር ነው የምለው። ለእናትሽ የምትልኪውም እዚያው ወረቀት ላይ በቁጥር ይጻፍ።

ሌላ ጥያቄ አለኝ። የነዚያ ስድስት ሰዎች ሚስቶች ስልክ አለሽ? የለሽም ብዬ እወራረዳለሁ። አራት ዓመት ሙሉ እድርተኞቹ ቤትሽ ሲገቡ ሲወጡ አንቺ ከበሩ ላይ ነው የምታያቸው። ዛሬ ስልካቸውን ከባልሽ ተቀበዪ። የሚቀጥለው ቅዳሜ እሱ መውጣት ካለበት ከእነሱ አንዷ ካንቺ ጋር ትዋል። ገንፎ አታውቅም፤ ዱቄቱንና ቅቤውን አቅርቢላት፣ ወንበር ላይ ሆነሽ ንገሪያት። ቢጓጉልባትም ብይው።

አሁን ወደ ክርስትናው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ክርስትና አባት የሚሆነው ኦርቶዶክስ ነው። ስለዚህ እምቢ ባይዋ አንቺ መሆን የለብሽም። ባልሽ ራሱ ካህኑ ጋ ይደውል፤ መልሱን በራሱ ጆሮ ይስማ፤ ለጓደኛውም እሱው ያስረዳው። እንዲህ ከሆነ "ወንድሞቼን ጠላሽ" የሚባል ነገር አይመጣም። ባለምስሩም የሚቀየም አይመስለኝም። ስለ ዓርብ አንዴ ተነግሮት በሳምንቱ ምስር የሠራ ሰው ሥርዓት ይገባዋል።

ባልሽ የፈለገው ያ ሰው ከልጁ ጋር እንዲተሳሰር ነው። ለዚህ አገራችን ሌላም መንገድ አላት፦ የጡት አባት። በድሮው ልማድ ጣት ማር ይነከርና ልጁ ይቀምሰዋል፤ ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ ናቸው። ልጁ ከፍ ሲል በአንድ ልደቱ ላይ ልታደርጉት ትችላላችሁ። አሁን ግን ማሩን እንዳታስቡት፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፣ ሐኪምሽም ይህንኑ ነው የሚልሽ።

ክርስትናው ዕለት ስድስቱም መምጣታቸው አይቀርም። የት እንደሚቆሙ ካህኑን አስቀድመሽ ጠይቂ። ነጠላ ከዘመድ ተበደሪላቸው፤ አለባበሱን ባልሽ ያሳያቸው። ጫማ እንደሚወልቅም ከዋዜማው ይነገራቸው። ካልሲው የተቀደደ ሰው አይጠፋም።