ጥያቄና መልስ፦ በጉቦ የተገፋ ድንበርና የሹም ንስሐ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን አካባቢ ነኝ። በቀበሌ የመሬት ኮሚቴ ሳገለግል፣ ከ3 ዓመት በፊት ገንዘብ ተቀብዬ ባሏ ከሞተባት እናት ማሳ አንድ ጥማድ ለአዋሳኟ እንዲመዘገብ ፈርሜያለሁ። አሁን ተናዝዣለሁ፤ በተቀበልሁትም ገንዘብ ለአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ገዝቻለሁ። ሹመት ከእግዚአብሔር ነውና፣ ከእርሱ ከታረቅሁ ለሰው መናገር ይገባኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ንስሐህን ይቀበልልህ። ስለ ቀኖናው የንስሐ አባትህ ስለነገሩህ አልመለስበትም። ቆርቆሮው ግን የእኚህን እናት ዕዳ አልከፈለም። ከድሃ ወስዶ ለታቦት መስጠት የተወሰደውን ያነጻል የሚለውን አሳብ ከባለ ሥልጣን ምእመናን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ሲራክ ከድሃ ገንዘብ መሥዋዕት የሚያቀርበውን ሰው ልጅን በአባቱ ፊት ከሚያርድ ጋር ነው ያስተካከለው።

የእስራኤልን ንጉሥ አክዓብን ተመልከት (1ኛ ነገሥት 21)። የናቡቴ የወይን ቦታ በውንብድና አልተወሰደም። ሚስቱ ኤልዛቤል በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጻፈች፣ በማኅተሙ አተመች፤ የከተማው ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፣ 2 የሐሰት ምስክሮች ቆሙ፤ ናቡቴም ተወግሮ ሞተ። በወረቀት ደረጃ የጎደለ ነገር አልነበረም። ኤልያስ ሲገሥጸው አክዓብ ልብሱን ቀደደ፣ ማቅ ለበሰ፣ ጾመ፤ እግዚአብሔርም ራሱን ማዋረዱን አይቶ መቅሠፍቱን በእርሱ ዘመን አላመጣም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ ይጽናናል። እርሻው ለናቡቴ ወገን ተመለሰ የሚል ቃል ግን በምዕራፉ የለም፤ በ2ኛ ነገሥት 9 የልጁ የኢዮራም ሬሳ የተጣለውም በዚያው እርሻ ላይ ነው። አባት በማቅ ያለቀሰበት ዕዳ ሳይከፈል ለልጅ ተላለፈ። ልጆች ካሉህ ይህን ምዕራፍ ከእነርሱ ጋር ሆነህ አንብበው።

ሹመት ከእግዚአብሔር ነው ያልኸው እውነት ነው። ነገር ግን ሮሜ 13፥4 ሹሙን የእግዚአብሔር አገልጋይ ያለው ለሚያስተዳድረው ሰው መልካም እንዲያደርግ ነው። ሳሙኤል በሕዝቡ ፊት ቆሞ የማንን በሬ ወሰድሁ፣ ከማን እጅ ጉቦ ተቀበልሁ ብሎ ራሱን አስጠይቋል፤ ካለም እመልሳለሁ ብሏል (1ኛ ሳሙኤል 12፥3)። ነቢዩ ያልናቀውን አደባባይ አንተ ልታልፈው አይገባም።

እንግዲህ በመዝገቡ ጀምር። ገንዘብ ብትሰጣቸውም አዋሳኙ በይዞታ ደብተሩ ላይ እንደተጻፈ ከቀረ መሬቱ የእርሱ ሆኖ ይኖራል፤ አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ድንበሩ በሐሰት እንደተመዘገበ በፊርማህ ጽፈህ ለወረዳው መሬት አስተዳደር አስገባ፤ ቅጂውን ለእናታችን ስጣቸው፤ እርሳቸው ዘንድ ያለው ማስረጃ የአንተ ቃል ብቻ ሊሆን ይችላል። ክስ ሊመጣብህ ይችላል፤ አልሸሽግህም።

ቀጥሎ እህሉ ነው። ዘኍልቍ 5፥7 ዋናውን መልሶ አምስተኛ እጅ መጨመርን ያዛል። ጥማዱ በዓመት 4 ኩንታል ገብስ ቢሰጥና እርሳቸው በእኩል የሚያሳርሱ ቢሆኑ ድርሻቸው 2 ኩንታል ነው፤ በ3 ዓመት 6፣ ከአምስተኛው ጋር 7 ኩንታል ከ20 ኪሎ። ትክክለኛውን ምርት አካባቢውን በሚያውቁ ሽማግሌዎች አስገምት፤ አንተ ራስህ አትገምት። ለቆርቆሮው ያወጣኸውን ከዚህ አትቀንስ። በአንዴ ካልቻልህ በሽማግሌ ፊት ጊዜ ቆርጠህ ክፈል። ጉቦውን ለሰጠህ ሰው ግን የምትመልሰው የለም፤ እርሱም የግፉ ተካፋይ ነው፣ የራሱ ንስሐ ይጠብቀዋል። እናታችን በሕይወት ባይኖሩ ለወራሾቻቸው ይከፈላል።

ቆርቆሮውን የተቀበሉ የሰበካ ጉባኤ አባላትም ምንጩን ካወቁ ዝም ሊሉ አይገባም። ደብረ አስቦ ይባል በነበረው በደብረ ሊባኖስ፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ፊልጶስ ነገሥታቱን ስለ ጋብቻቸው ገሥጸው ስደትን ተቀብለዋል። የሰበካ ጉባኤው አባላት የሚጠየቁት ግን የጥቂት ቆርቆሮ ምስጋና እንዲቀርባቸው ብቻ ነው።

ማመልከቻውን ከመኸሩ ዘር በፊት አስገባ። ማሳው በተገፋው ድንበር ከተዘራ የአራተኛው ዓመት ገብስም ከነአምስተኛው ይታሰብብሃል።