የአሜሪካው ተከታታይ ድራማ ሱፐርናቹራል የ1ኛው ሲዝን 8ኛው ክፍል ላይ ሰልችቶህ «ልተወው ወይ?» ላልከው

አትተወው፤ ግን 15ቱንም ሲዝን ልጨርስ አትበል። እስከ 5ኛው ሲዝን መጨረሻ እይ፣ በድምሩ 104 ክፍል ነው። ፈጣሪው ኤሪክ ክሪፕኪ ታሪኩን ያቀደው እስከዚያ ነበር፤ መቋጫውም አንጀት ይበላል።

ንብና ጢንዚዛ የሚወርበት 8ኛው ክፍል ከደካሞቹ አንዱ ነው። ዝለለው፣ የሚያመልጥህ ነገር የለም። 9ኛው ላይ መንፈስ አዳኞቹ ወንድማማቾች ሳምና ዲን እናታቸው ወደሞተችበት ቤት ሲመለሱ ታሪኩ ይይዝሃል። 12ኛውን፣ እንዲሁም ከ20 እስከ 22 ያሉትን እንዳትዘል።

ትልቁ ጥንካሬው ፍርሃቱ ሕግ ያለው መሆኑ ነው። ጨውና ብረት መንፈስን ያግዳሉ፤ አጽሙ ላይ ጨው ነስንሶ ማቃጠል ያጠፋዋል። ስለዚህ በሩ ሥር ጨው ሲሰመር ዓይንህ መስመሩ ላይ ይቀራል፤ አንድ ቦታ ከተቆረጠ አለቀ!

ድክመቱ ከ5ኛው ሲዝን በኋላ ይብሳል። የሞተ ሁሉ እየተመለሰ ሞት ክብደት ያጣል። 3ኛው ሲዝን ደግሞ በደራሲዎች አድማ ምክንያት 16 ክፍል ብቻ ስለሆነ ይቸኩላል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ መልአኩ ካስቲኤል 4ኛው ሲዝን ላይ ይገባል ሲሉህ ወደዚያ አትዝለል። የ2ኛውን ሲዝን መጨረሻ ካላየህ ዲን ለወንድሙ ምን እንደከፈለ አታውቅም፤ የመልአኩ መምጣትም ትርጉም አይሰጥህም።