ለጠባብ ክፍል የጎልፍ ሲሙሌተር ፕሮጀክተር አመራረጥ፦ ጥያቄና መልስ

ቤቱ ውስጥ ጎልፍ ሲሙሌተር (ኳሱን ወደ ስክሪን እየመታህ ሜዳው በፕሮጀክተር የሚታይበት መጫወቻ) ሊተክል ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የትኛውን ፕሮጀክተር ልግዛ?» ብሎ ነው። እኔም መልሼ «ክፍልህ ስንት ጫማ ነው?» እላለሁ። አንዳንዱ በዚህ ይናደዳል። ግን ጠባብ ክፍል ውስጥ ፕሮጀክተሩን የሚመርጠው ሜትሩ ነው እንጂ የሱቁ ማስታወቂያ አይደለም። አብዛኞቹ ጥያቄዎች ከአሜሪካ ስለመጡ መለኪያው በጫማና በኢንች ነው። አንድ ጫማ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። ጋራዤ ወርዱ 12፣ ርዝመቱ 20፣ ከፍታው 9 ጫማ ነው። ሳሎን ፊልም የምናይበት ፕሮጀክተር አለኝ። እሱን አምጥቼ ብሰቅለው አይሆንም?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ወጪ ባድንህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አይሆንም። ስሮው ሬሾ የሚባል ቁጥር አለ። ከሌንሱ እስከ ስክሪኑ ያለው ርቀት ለምስሉ ወርድ ሲካፈል የሚመጣው ነው። የሳሎን ፕሮጀክተር ብዙውን ጊዜ ከ1.2 እስከ 1.5 አካባቢ ነው። ስለዚህ 10 ጫማ ወርድ ያለው ምስል እንዲሰጥህ ከስክሪኑ ከ12 እስከ 15 ጫማ መራቅ አለበት። አንተ ግን ኳሱን የምትመታው ከስክሪኑ 9 ወይም 10 ጫማ ላይ ቆመህ ነው። ፕሮጀክተሩ ከኋላህ ሆነ ማለት ነው። ፌርዌዩ (የሜዳው ሣር) መሀል ላይ የራስህ ጥላ ቆሞ ታየዋለህ።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ሾርት ስሮው ነው፤ ከ0.5 እስከ 0.8 ያለው። ለምሳሌ ቤንኪው ቲኤች671ኤስቲ ከ0.69 እስከ 0.83 ነው። 10 ጫማ ምስል ለማውጣት ሌንሱ ከ6.9 እስከ 8.3 ጫማ ይርቃል። ኦፕቶማ ጂቲ2000ኤችዲአር ደግሞ 0.5 ገደማ ስለሆነ 5 ጫማ ይበቃዋል። ሁለቱም ከፊትህ ይሆናሉ። ጥላ የለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይሻላል ማለት ነው? አልትራ ሾርት ስሮው ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ። አልትራው ከስክሪኑ ሥር ተቀምጦ ብርሃኑን ወደ ላይ እያገደመ ነው የሚልከው። ለግድግዳ ግሩም ነው። የጎልፍ ስክሪን ግን ኳስ የሚቀበል ጨርቅ ነው፤ ተወጥሮም ቢሆን ትንሽ ሞገድ ይሠራል። ብርሃኑ አግድሞ ሲመጣ እያንዳንዷ ሞገድ ምስሉ ላይ ትታያለች፤ የጉድጓዱ ባንዲራ ሳይቀር ይጣመማል። ደግሞ ኳሱ ነጥሮ የሚመለሰው እዚያው ወለል ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነን። ባለቤቴ ቁመቱ 6 ጫማ ከ2 ነው፤ ቤዝመንታችን ደግሞ 8 ጫማ ተኩል። ዱላው ፕሮጀክተሩን ይሰብረዋል ብዬ ፈርቻለሁ። እሱ ግን «አታስቢ» ይላል።

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው። እኔ ግን ከፕሮጀክተሩ በፊት ለኮርኒሱ ነው የምፈራው። ረጅሙ የጎልፍ ዱላ ድራይቨር ይባላል፤ ርዝመቱ 45 ኢንች ገደማ ነው። ለረጅም ሰው 8 ጫማ ተኩል ጥብብ ይላል፤ ምቾት ያለው ከ9 እስከ 10 ጫማ ነው። ምንም ሳትገዙ ባልሽ ድራይቨሩን ይዞ፣ ምንጣፉ በሚነጠፍበት ቦታ ቆሞ፣ በዝግታ ይወዝውዘው። ምንጣፉ ራሱ አንድ ሁለት ኢንች ከፍ እንደሚያደርገው አትርሱ። ኮርኒሱን ከነካ በአይረን (አጠር ባሉት ዱላዎች) ብቻ መጫወትን ያስብበት፤ ወይም ክፍል ይቀየር።

ካለፈ ደግሞ ፕሮጀክተሩን የሚያህል ባዶ ካርቶን ፈልጉ። ሊሰቀል በታሰበበት ቦታ ኮርኒሱ ላይ በቴፕ ለጥፉት። አሁንም ይወዝውዝ፤ በተለይ ኳሱን ከመታ በኋላ ዱላው የሚሄድበትን አቅጣጫ እዩ። ካርቶኑ ከወደቀ ትርፉ ሳቅ ነው። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ እኔ 0.5ቱን፣ ኦፕቶማውን፣ እመርጣለሁ። ኳሱ ከስክሪኑ 9 ጫማ ላይ ከሆነ፣ ሌንሱ ከኳሱ 4 ጫማ ወደፊት ይርቃል። ቤንኪው ግን ከአንድ እስከ ሁለት ጫማ ብቻ ስለሚቀድመው ለዱላው በጣም ቅርብ ነው።

«ኳሱስ አይመታውም?» ብለሽ ከሆነ፣ በደንብ ከተመታ አይመታውም። በ45 ዲግሪ የተነሳ ኳስ እንኳ 4 ጫማ ወደፊት ሲሄድ ከፍታው 4 ጫማ ገደማ ነው። ፕሮጀክተሩ ደግሞ 8 ጫማ ላይ ነው። ኳሱ ጣሪያ የሚደርሰው ስክሪኑ ጋ ሲጠጋ ስለሆነ፣ እዚያ አካባቢ ያለውን ኮርኒስ በስፖንጅ ወይም በመረብ ሸፍኑት።

ጥያቄ፦ ስክሪኔ 10 በ8 ጫማ ነው። 16፡9 ልግዛ ወይስ 4፡3? ከፍታዬ 8 ጫማ ተኩል ነው።

መልስ፦ ብዙ ሰው ይህን ሳያሰላ ይገዛና በኋላ ያማርራል። ቁጥሮቹ የምስሉ ወርድ ከከፍታው ጋር ያለው ንጽጽር ናቸው። ወርዱ 10 ጫማ ሲሆን የ16፡9 ምስል ከፍታው 5.6 ጫማ ብቻ ነው። ከስክሪንህ ከፍታ 2.4 ጫማ ባዶ ይቀራል። 16፡10 ወደ 6.25 ያደርሰዋል። 4፡3 ደግሞ 7.5 ይሞላል፤ ስለዚህ «4፡3 ነው የጎልፍ ፕሮጀክተር» ሲባል ትሰማለህ።

አንተ ጋ ግን ኦፍሴት የሚባል ነገር ይመጣል። ኮርኒስ ላይ የተሰቀለ ፕሮጀክተር ምስሉን ከሌንሱ ትይዩ አይጀምርም፤ ዝቅ አድርጎ ነው። ኦፍሴቱ 116 በመቶ ከሆነ፣ የምስሉን ከፍታ 16 በመቶ ያህል ወርዶ ይጀምራል። 90 ኢንች ከፍታ ላለው የ4፡3 ምስል ይህ 14 ኢንች ተኩል ገደማ ነው። ፕሮጀክተሩ ራሱ ከኮርኒሱ 6 ኢንች ቢንጠለጠል፣ የምስሉ አናት ከኮርኒሱ 20 ኢንች በላይ ወረደ። ክፍልህ 102 ኢንች ነው። ከ82 ላይ 90 ቀንስ፤ ሣሩ ወለል ላይ ፈሰሰ ማለት ነው! በ16፡9 ብታሰላው ግን ከወለሉ አንድ ጫማ ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ያልቃል። እንዳንተ ላለ ክፍል እኔ 16፡10ን እፈልጋለሁ፤ ከገበያ ባጣ 16፡9። ከምስሉ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ ጥቁር ጨርቅ ሸፍንበት።

ጥያቄ፦ ኪስቶን እያለ ይህ ሁሉ ስሌት ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ኪስቶን የተጣመመውን ምስል የሚያቀናው ከፒክስሉ (ምስሉ ከተሠራባቸው ነጥቦች) ቆርጦ ነው። ትንሽ ከሆነ ችግር የለውም፤ ሲበዛ ጥራትም ብርሃንም ይበላል። ሌንስ ሺፍት ካለው ፕሮጀክተር ካገኘህ እሱ ሌላ ነው። ሌንሱን ራሱን ስለሚያንቀሳቅስ ፒክስል አይጠፋም። ዋጋው ግን ጨመር ይላል።

ጥያቄ፦ ኦንላይን ላይ «12000 ሉመን» የሚል በ150 ዶላር አየሁ። ምነው እናንተ 3000፣ 4000 ትላላችሁ?

መልስ፦ ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው፤ ያ ቁጥር ግን ቅዠት ነው። ኤኤንኤስአይ ሉመን ወይም አይኤስኦ ሉመን ብሎ ካልጻፈ አትመነው። በትክክል የተለካ 3000 ሉመን ለ10 ጫማ ስክሪን መነሻ ነው፤ ጋራዥህ በር ሥር ፀሐይ ካስገባ ወደ 4000 ከፍ በል። ከዚያ በፊት ግን ከስክሪኑ አጠገብ ያለውን መብራት አጥፋ፤ በነፃ የሚገኝ ሉመን ነው። ኳሱ ላይ የሚያርፈው መብራት ይቆይ።

ጥያቄ፦ 4ኬ ያስፈልጋል?

መልስ፦ 10 ጫማ ወርድ ላይ የ1080ፒ (የተለመደው ኤችዲ ጥራት) አንድ ፒክስል 1.6 ሚሊሜትር ነው። 9 ጫማ ላይ ቆሞ ጥሩ ዓይን ያለው ሰው ያየዋል። 4ኬ ግማሽ ያደርገዋል፤ ልዩነቱ እውነት ነው። ነገር ግን ኮምፒውተሩም ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ የስክሪኑ ጨርቅ ሽመናም ትንሽ ያደበዝዘዋል። ብሩ ውስን ከሆነ ለ4ኬ ከምታወጣው ለጥሩ ስክሪንና ለላውንች ሞኒተር (የኳሱን ፍጥነትና አቅጣጫ ለሚለካው መሣሪያ) አውጣው።

ጥያቄ፦ ኢንፑት ላግስ?

መልስ፦ ምስሉ ስክሪኑ ላይ እስኪታይ የሚዘገይበትን ቅጽበት ነው የምትለው? እርሳው። የተኩስ ጌም አይደለም።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው። ግቢያችን ውስጥ ሰርቪስ ክፍሉን ለዚህ አስቤዋለሁ። መብራት ግን እንደምታውቁት ነው። ላምፕ ነው ሌዘር የሚሻለኝ?

መልስ፦ ጌታዬ፣ ለእርስዎ ሌዘር ነው፤ ብዙም አያስቡበት። ላምፕ ያለው ፕሮጀክተር ከጠፋ በኋላ ማራገቢያው እየዞረ መቀዝቀዝ አለበት። መብራት ድንገት ሲሄድ ሙቀቱ ውስጡ ይቀራል፤ ያ ሲደጋገም የላምፑን ዕድሜ ያሳጥራል። ሌዘሩ ብዙውን ጊዜ 20000 ሰዓት ይባልለታል፤ ላምፕ በጥቂት ሺህ ሰዓት ይቀየራል። መለዋወጫ ላምፕ ከውጭ ማስመጣት ደግሞ ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ነው። ቮልቴጁ አያሳስብዎ፤ አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፤ ጀርባው ላይ ያንብቡ። ኮምፒውተሩንና ፕሮጀክተሩን የሚችል ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ግን ይጨምሩበት።

ጥያቄ፦ ላውንች ሞኒተሬ ጋርሚን አር10 ነው። ክፍሌ ርዝመቱ 14 ጫማ። ፕሮጀክተሩ ይገባል?

መልስ፦ ፕሮጀክተሩ ይገባል፤ የማይገባው ራዳሩ ነው። አር10 ከኳሱ ኋላ ከ6 እስከ 8 ጫማ ይቀመጣል፤ ከኳሱ እስከ ስክሪኑም 8 ጫማ ያህል በረራ ይፈልጋል። 14 ጫማ ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ ስክሪኑ ደግሞ ከግድግዳው አንድ ጫማ ያህል ወጣ ማለት አለበት። ከኳሱ ጎን የሚቀመጥ በካሜራ የሚሠራ ዓይነት ብትቀይር ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ፦ ኮምፒውተሩ ከፕሮጀክተሩ ሩቅ ነው። ኤችዲኤምአይ ኬብሉ 35 ጫማ ቢሆን ችግር አለው?

መልስ፦ ተራው የመዳብ ኬብል በዚያ ርዝመት በተለይ ለ4ኬ ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል። ፋይበር ኤችዲኤምአይ ግዛ። እሱ አቅጣጫ አለው፤ አንዱ ጫፍ ለኮምፒውተር፣ ሌላው ለፕሮጀክተር ነው። ኮርኒስ ውስጥ ከመቅበርህ በፊት ወለል ላይ ዘርግተህ ሞክረው።