ሚና ሲመጣላችሁ ምን ታያላችሁ? ለወጣት ተዋንያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ደብረ ብርሃን ላይ ቴአትር የጀመራችሁ ልጆችና በየወረዳው ያላችሁ ጓደኞቻቸው ስለ ሚና አመራረጥ ያቀረባችሁልኝን ጥያቄዎች ተራ በተራ እመልሳለሁ።

ከመሐል ሜዳ፦ ጋሼ፣ ድርሰት ሲሰጥዎት መጀመሪያ የሚያዩት ምንድን ነው?

ሙሉውን ታሪክ ነው። የራሱን ቃለ ተውኔት ብቻ አስምሮ የሚያነብ ተዋናይ የት እንደቆመ አያውቅም። በሁለተኛው ንባብ እንድጫወተው የተሰጠኝን ሰው ከታሪኩ አውጥቼ አየዋለሁ። እሱ ሳይኖር ታሪኩ ምንም ሳይጎድልበት የሚሄድ ከሆነ፣ ስንት ገጽ ቢናገርም አልጓጓለትም። ከዚያ ምን እንደሚፈልግና ማን እንደሚከለክለው እፈልጋለሁ። ሩሲያዊው የቴአትር አዘጋጅና መምህር ስታኒስላቭስኪም ተዋናዩ የገጸ ባሕርዩን ፍላጎት በየትዕይንቱ እንዲፈልግ ያስተምር ነበር።

ከደብረ ሲና፦ ሁልጊዜ ክፉ ሴት አድርገው ይመድቡኛል። ሰው እንዳይጠላኝ ልተወው?

ክፋቷን አትፍሪ፤ ያለ ምክንያት ክፉ መሆኗን ፍሪ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎሙትን የሼክስፒርን ኦቴሎ አንብቢ። ተንኮለኛው ኢያጎ ተውኔቱ በስሙ ከተጠራው ከኦቴሎ ይልቅ ብዙ ይናገራል። የተመኘው ሹመት ለካሲዮ ስለተሰጠበት የቆሰለ ሰው ነው፤ ተዋናዩ የሚይዘው ነገር ያገኛል። የአንቺዋም ሴት ምን ተነፍጋ እንዲህ እንደሆነች ደራሲውን ጠይቂ። መልስ ከሌለው ሚናውን መልሺለት።

ከፍቼ፦ አቡነ ጴጥሮስን መጫወት እመኛለሁ። እንዲህ ያለ ታላቅ ሰው እንዴት ይያዛል?

ይህ ጥያቄ ደስ አሰኝቶኛል። አቡኑ የፍቼ ልጅ ናቸው፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሺስቶች አዲስ አበባ ላይ ረሸኗቸው። ብዙ ወጣት ሚናውን የሚመርጠው ለስማቸው ክብር ሲል ነው፤ መድረክ ላይ ወጥቶም እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጸጋዬ ግን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ባሉት ተውኔት የጨነቀችውን ሰዓት መረጡ። እዚያ የምናገኛቸው ጴጥሮስ እመ ብርሃንን የሚማጸኑ፣ የልጅነት እረኝነታቸውን የሚያስታውሱ ሰው ናቸው። ሞት ጨርሶ የማያስጨንቀው ሰው ከተጫወትህ ታዳሚው የሚከተለው ትግል የለም። ተጨንቆ፣ ወደ ኋላ ማለት እየቻለ እምቢ የሚለውን ሰው ፈልግ። የሰላሌን ብርድና የእረኛን ውሎ ማወቅህ እዚህ ላይ ይጠቅምሃል፤ ከዚያ ጀምር። ድምፅህን ለማጉላት አትቸኩል።

ከሸዋሮቢት፦ ሦስት ቃለ ተውኔት ብቻ ያለው መልእክተኛ ሰጡኝ። ልቀበል?

ይዞት የመጣው ወሬ ታሪኩን የሚያዞር ከሆነ ዛሬውኑ ተቀበል።

ከአንኮበር፦ ድርሰቱ ደካማ ቢሆንም ገንዘቡ ቢያስፈልገኝስ?

ሥራው። የቤት ኪራይና የልጅ ልብስ ያለበትን ሰው ለምን ሠራህ ብዬ አልወቅስም። ብቻ ልምምድ ሳይጀመር፣ ገና በንባቡ ጊዜ፣ ሰውየው የራሱ የሆነ አንድ ፍላጎት እንዲኖረው አዘጋጁን ለምነው፤ ብዙዎቹ ይሰማሉ። እኔ በገንዘብም የማልቀበለው አንድ ዓይነት ሚና አለ፦ የመንዝን ገበሬ በርኖስ አልብሶ በአነጋገሩ ለማሳቅ ብቻ የተጻፈ። ያ ገበሬ ዕዳ አለበት፤ የሚድራት ልጅ አለችው፤ ከጎረቤቱ ጋር የድንበር ክርክር አለው። ደራሲው ከእነዚህ አንዱን እንኳ ጽፎለት ከመጣ፣ እያሳቅሁም እጫወተዋለሁ።