በኪራይ መኪና ላይ የሚደረቡ ወጪዎች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ ወጥተው በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን መኪና የሚከራዩት አብዛኛውን ጊዜ ለሰርግ፣ ለክርስትና ወይም ለለቅሶ ሲጣደፉ በመሆኑ ውሉን ረጋ ብለው የሚያነቡበት ፋታ የላቸውም። ለዚህ ሳምንት ይህንኑ ጉዳይ የሚመለከቱ ጥያቄዎችን መርጫለሁ።

ልጄ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ይማራል፤ ዕድሜው 22 ነው። በስልኩ ያየው የኪራይ ዋጋ ቢሮው ሲደርስ ከእጥፍ በላይ ሆነበት። ተታልሎ ይሆን? (ከፋሲሎ ክፍለ ከተማ)

የተታለለ አይመስለኝም፤ ነገር ግን መጀመሪያ የታየው ዋጋ የመኪናው ብቻ እንጂ የኪራዩ ጠቅላላ ሒሳብ አልነበረም። በአሜሪካ አብዛኞቹ አከራዮች ዕድሜው ከ25 ዓመት በታች የሆነን ተከራይ በየቀኑ ተጨማሪ ያስከፍሉታል። መኪናውን ከአየር ማረፊያ ከተረከበ የአየር ማረፊያው ክፍያና የአካባቢው ግብር ይደረባሉ፤ ስለዚህ ከተማ ውስጥ ካለ ቅርንጫፍ መከራየት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። በዚያ አገር የሚነገረው ዋጋ በመኪናው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚሆነውን መድን አብዛኛውን ጊዜ አይጨምርም። የራሱ መኪናና ኢንሹራንስ ያለው ሰው ያ ኢንሹራንስ ለኪራይ መኪናም ሊያገለግለው ይችላል፤ የራሱ መኪና የሌለው ተማሪ ግን ወጪ ለመቀነስ ሲል መድኑን ቢተወው አንድ ግጭት ከትምህርቱ ሊያስተጓጉለው ስለሚችል፣ እዚህ ላይ እንዲቆጥብ አልመክረውም።

የመንገድ ክፍያም አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ በፈጣን መስመሮች ላይ ክፍያው የሚነሣው በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ተከራዩ የራሱ መሣሪያ ከሌለው ብዙ አከራዮች ከመንገዱ ዋጋ በላይ የየቀን አገልግሎት ክፍያ ይጨምሩበታል። ከደለስ አየር ማረፊያ ለሚነሣ ወይም ወደዚያ ለሚሄድ መንገደኛ የተዘጋጀው መንገድ ግን ነጻ ነው፤ ጎን ለጎን የሚሄደው የሚያስከፍለው መንገድ ስለሆነ ምልክቱን አስተውሎ ይግባ።

ጀርመን የምኖር ነርስ ነኝ። መኪናው «ሙሉ ኢንሹራንስ አለው» ተብዬ ነበር፤ በሩ ላይ ለተገኘ ጭረት ግን ከካርዴ ብዙ ገንዘብ ተቆረጠብኝ። እንዴት ይህ ይሆናል?

እህቴ፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልስልዎታለሁ። በአውሮፓ ለሦስተኛ ወገን የሚሆነው መድን በሕግ ግዴታ ነው፤ የመኪናውን ጉዳት የሚሸፍነውም ብዙ ጊዜ በዋጋው ውስጥ ይካተታል። ሆኖም ይህ ሽፋን የሚጀምረው ተከራዩ ከኪሱ የሚከፍለው ድርሻ ካለቀ በኋላ ነው። ያ ድርሻ ከብዙ መቶ ዩሮ ተነሥቶ ከሺህ በላይ ሊደርስ ስለሚችል፣ የአንድ በር ጭረት ወጪ ሙሉ በሙሉ በእርስዎ ላይ ይወድቃል። መኪናውን ሲረከቡ ካርድዎ ላይ የሚያዘው ገንዘብም ለዚሁ ዋስትና ነው። መስታወት፣ ጎማ፣ ጣራና የመኪናው ሥር ደግሞ በብዙ ውሎች ከሽፋኑ ውጭ ናቸው።

ይህን ድርሻ ወደ ዜሮ የሚያወርድ ተጨማሪ መድን ቢሮው ውስጥ ይሸጥልዎታል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። ከሌላ የመድን ድርጅት አስቀድሞ ለዓመት የሚገዛው በጣም ይረክሳል፤ ጉድለቱ ገንዘቡን መጀመሪያ ለአከራዩ ራስዎ ከፍለው በኋላ ከመድን ድርጅቱ የሚጠይቁ መሆንዎ ነው። በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚከራይ ሰው ይህን ቢመርጥ ደግ ነው እላለሁ።

አሁን ለተቆረጠብዎት ገንዘብ የጥገናውን ደረሰኝ ወይም የባለሙያ ግምት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ጭረቱ በርክክብ ወረቀቱ ላይ አስቀድሞ ተመዝግቦ ከነበረ ለባንክዎ አቤቱታ ያቅርቡ። ለወደፊቱ አራቱንም ጎን፣ ጎማዎቹን፣ ጣራውን፣ የነዳጅና የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ሲረከቡም ሲመልሱም ፎቶ ያንሡ። ቢሮው ከተዘጋ በኋላ ቁልፉን ሣጥን ውስጥ ጥሎ መሄድ አደገኛ ነው፤ ብዙ ውሎች ሠራተኛ በማግስቱ መኪናውን እስኪያይ ድረስ ኃላፊነቱን በተከራዩ ላይ ያደርጋሉ።

ረጅም መንገድ ስንሄድ ከጓደኛዬ ጋር እየተቀያየርን ብንነዳ ችግር አለው?

ስሙ በውሉ ላይ ካልተመዘገበ አዎ። አደጋ ቢደርስ መድኑ ላይከፍል ይችላል፤ የሁለተኛ አሽከርካሪ ክፍያ ቢከብድም ከዚያ ዕዳ ይቀላል። ለትዳር ጓደኛ ግን የማያስከፍሉ አከራዮች ስላሉ ይጠይቁ።

ዱባይ መኪና ተከራይቼ ከመለስኩ ሳምንታት ቢያልፉም መያዣው አልተመለሰልኝም። (ከዘጌ፣ ስለ ራሱ የጻፈ ወጣት)

አከራዮቹ የሚያዘገዩት የትራፊክ ቅጣትና የመንገድ ክፍያ ዘግይቶ ስለሚደርሳቸው ነው። ሳሊክ በሚባለው የዱባይ የመንገድ ክፍያ አንድ ማለፊያ ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ ሰዓቱ 4 ወይም 6 ድርሃም ሲሆን፣ አከራዩ በእያንዳንዱ ላይ የራሱን ሊጨምር ይችላል። መያዣው የሚመለስበት ቀን በውልዎ ተጽፎ ከሆነና ከዚያ ካለፈ፣ የእያንዳንዱን ቅጣት ቀንና ሰዓት የሚያሳይ ዝርዝር በጽሑፍ ይጠይቁ።

ለጥምቀት ከቤተሰቤ ጋር ወደ ባሕር ዳር እመጣለሁ፤ ከዚያም ጎንደር እንሄዳለን። መኪና ከነሹፌሩ ለመከራየት ምን ልጠይቅ?

በእኛ አገር የተለመደው ከነሹፌሩ መከራየት ስለሆነ የጭረት ሥጋቱ ይቀንሳል፤ ወጪው ግን በሌላ በር ይገባል። ነዳጁን ማን እንደሚሞላ፣ የሹፌሩ አበልና ማደሪያ በዋጋው ውስጥ መኖሩን፣ በቀን የተፈቀደው ኪሎ ሜትር ስንት እንደሆነ አስቀድመው ይነጋገሩ። ጎንደር ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ እዚያው ወርደው መኪናውን ቢያሰናብቱ ባዶ የሚመለስበትን ነዳጅና ቀን የሚጠይቅዎት ባለቤት ይኖራል፤ ጥያቄው አግባብ ያለው ቢሆንም መነገር ያለበት ከመነሣት በፊት ነው። በጀልባ ወደ ገዳማቱ ሲሄዱ መኪናው ወደብ ላይ ቆሞ የሚውልበትም ቀን እንደ ሙሉ ቀን ይቆጠራል። መንገድ ተዘግቶ መኪናው ያለ ሥራ ቢቆም ለዚያ ቀን ስንት እንደሚከፈል ደግሞ፣ ብዙ ጠብ የሚነሣበት ነጥብ ስለሆነ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት በውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍልዎ።